ጅማ ላይ በረዶ እየጣለ የዋልታው በረዶ ለምን ይቀልጣል?

ባለፈው ሰሞን ከሰዓት በኋላ ጅማ ላይ ከባድ ዝናብ ወረደ። በረዶም ነበረው። ጎረቤት ቡና ተፈልቶ ተሰብስበን ነበር። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው አላነጋግር ስላለን አቦሉን ዝም ብለን ጠጣን። ሲያባራ ዕድሜያቸውን ሙሉ በቡና ንግድ የኖሩ አንድ ጎረቤታችን ደጃፍ ላይ ከተከመረው አንዷን ፍሬ አነሱ። መዳፋቸው ላይ አስቀመጧትና «ልጄ፣ ዓለም ሞቀች፣ የዋልታ በረዶ ቀለጠ ስትሉ እሰማለሁ። በረዶው ግን ይኸው ደጄ ድረስ መጥቷል። የቱን ልመን?» አሉኝ።

ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ልብ ውስጥ አለ፣ እሳቸው ደፍረው ጠየቁት እንጂ። ለጋሼ ከቶና እስከ በረካ እያወራሁ ላስረዳቸው ሞከርኩ። እዚህ ደግሞ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፣ የትኛው በረዶ ነው?

አማርኛችን ብዙ ነገር «በረዶ» ብሎ ይጠራል። ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደው በረዶ ነው። ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋው ውሃም በረዶ ነው። በብርድ አገር እንደ ተነደፈ ጥጥ የሚወርደውን «አመዳይ» ብለው የሚለዩ አሉ፣ አብዛኞቻችን ግን እሱንም በረዶ ነው የምንለው። ግራ መጋባቱ ግማሹ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ደጃችን የወደቀው የደመና በረዶ ነው። መሬቱ ሲሞቅ እርጥብ አየር በኃይል ሽቅብ ይወጣል፣ ደመናውም ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ይቆለላል። እዚያ ከፍታ ላይ በየትኛውም አገር ብርድ ነው። የውሃ ጠብታ እዚያ ይረጋል፣ አየሩ እየደገፈ ያቆየዋል፣ በላዩ ሌላ ውሃ እየረጋበት ይወፍርና ሲከብድ ይወድቃል። ስለዚህ ጅማ ላይ በረዶ መጣሉ ምድር ቀዘቀዘች ማለት አይደለም። እንዲያውም እንዲህ ያለ ደመና እንዲነሳ ከታች ሙቀት ያስፈልገዋል።

የዋልታው ሌላ ነው። እሱም ራሱ ሁለት ዓይነት ነው።

አንደኛው የባሕር በረዶ ነው። ሰሜን ዋልታ ላይ መሬት የለም። አርክቲክ ውቅያኖስ ነው፤ ዙሪያውን ሩሲያ፣ ካናዳ፣ አላስካ፣ ግሪንላንድና ኖርዌይ ከበውታል። ብርድ ሲበረታ የውቅያኖሱ ፊት ይረጋል። የፈላ ወተት ሲቀዘቅዝ ስልባቦት እንደሚይዘው ማለት ነው። ላዩ ጠንከር ይላል፣ ከስሩ ግን ፈሳሹ እንዳለ ነው። የዚህ በረዶ ውፍረት ባብዛኛው ከ1 እስከ 3 ሜትር ቢሆን ነው።

ሁለተኛው የየብስ በረዶ ነው። ይህ የባሕር ውሃ ረግቶ የመጣ አይደለም። በሺዎችና በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት የወረደ አመዳይ ሳይቀልጥ ተደራርቦ፣ የላይኛው የታችኛውን እየተጫነ እንደ አለት የጠነከረ ነው። ግሪንላንድን የሸፈነው ስፋቱ 1.7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኢትዮጵያን አንድ ጊዜ ተኩል ይሸፍናታል። መሃሉ ላይ 3 ኪሎ ሜትር ይወፍራል። በደቡብ ዋልታ ያለችው አንታርክቲካ ደግሞ አህጉር ናት፣ ከበረዶው ስር ድንጋይና ተራራ አለ። የበረዶዋ ስፋት ወደ 14 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የራስ ደጀን ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 4500 ሜትር ይሻገራል አይደል? አንታርክቲካ ላይ የበረዶው ውፍረት ብቻውን ከ4700 ሜትር የሚበልጥበት ቦታ አለ።

አርክቲክ በየብስ የተከበበ ባሕር ነው። አንታርክቲካ በባሕር የተከበበች የብስ ናት። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህንን ያዙልኝ፦ አንዱ ወተት ላይ ያለ ስልባቦት ነው፣ ሌላው ሳህን ላይ የተቆለለ ገንፎ ነው። ለምን ገንፎ እንዳልኩ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ምድር ግን ለምን ሞቀች?

የፀሐይ ብርሃን አየሩን አልፎ መሬት ላይ ያርፋል። መሬት ይሞቃል። የሞቀ ነገር ሁሉ ደግሞ ሙቀቱን መልሶ ይለቃል። የከሰል ምድጃ አጠገብ ስትቀመጡ ሳትነኩት ፊታችሁን የሚሞቃችሁ እሱ ነው። መሬትም እንዲሁ በዓይን የማይታይ ሙቀት ወደ ላይ ትለቃለች። መንገዱ ክፍት ቢሆን ኖሮ ሁሉም ወደ ጠፈር ይሄድ ነበር። ያኔ የምድር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሆነ። ቡና ቀርቶ ሣርም ባልበቀለ።

ያዳኑን አየር ውስጥ ያሉ ጥቂት ጋዞች ናቸው፦ የውሃ ትነት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሜቴንና ጥቂት ሌሎች። ሙቀት አማቂ ጋዞች ይባላሉ። ከላይ የሚመጣውን ብርሃን ያሳልፉታል። ከታች የሚወጣውን ሙቀት ግን ይይዙትና ከፊሉን ወደ መሬት ይመልሱታል። ማታ ጋቢ እንደ መደረብ ነው። ጋቢ ውስጥ እሳት የለም፣ የሚያሞቃችሁ የራሳችሁ ገላ ነው፤ ጋቢው ሙቀቱን እንዳይሄድ ይይዘዋል። አማካይ ሙቀቱን ወደ 15 ዲግሪ ያደረሰልን ይህ የምድር ጋቢ ነው።

እኛ ደግሞ በዚህ ጋቢ ላይ ሌላ መደረብ ጀመርን። ድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት መሬት ውስጥ ተቀብሮ የኖረ ካርቦን ናቸው። ሲቃጠሉ ያ ሁሉ ካርቦን አየር ላይ ይወጣል። ደን ሲመነጠርም እንዲሁ ነው። ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት ከ1 ሚሊዮን የአየር ቅንጣት ውስጥ 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። ቻርልስ ኪሊንግ የተባለ አሜሪካዊ በ1958 ሃዋይ ውስጥ ማውና ሎዋ የሚባል ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር 315 ገደማ ደርሶ ነበር። ልኬቱ እስካሁን ቀጥሏል። ዛሬ ቁጥሩ ከ420 በላይ ነው።

የሙቀቱ ነገርስ? እስከ ዛሬ በመለኪያ ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ የሞቀው 2024 ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ አማካይ በ1.5 ዲግሪ ገደማ በልጧል። «ለአንድ ዲግሪ ተኩል ነው ይህ ሁሉ ጩኸት?» የሚል ሰው ይኖራል፣ አይፈረድበትም። ጅማ ውስጥ በጠዋትና በቀትር መካከል ብቻ ከ10 ዲግሪ በላይ ልዩነት አለ። ግን የአንድ ቀን ሙቀትና የመላው ምድር አማካይ አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም። የመጨረሻው የበረዶ ዘመን በበረታበት ወቅት፣ የዛሬ 20 ሺህ ዓመት ገደማ፣ ካናዳና ሰሜን አውሮፓ ኪሎ ሜትሮች በሚወፍር በረዶ ስር ነበሩ። ያን ጊዜ ምድር በአማካይ ከዛሬ የምትቀዘቅዘው በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ያህል ብቻ ነበር።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ እኮ ከአየሩ 0.04 በመቶ ብቻ ነው

እውነት ነው። አየሩ 78 በመቶ ናይትሮጅን፣ 21 በመቶ ኦክስጅን ነው። ግን ሁለቱም ለመሬት ሙቀት እንደ ክፍት በር ናቸው፤ ሙቀቱ በመካከላቸው አልፎ ይሄዳል። ክፍት በር ቢበዛ ቤት አይሞቅም። ሥራውን የሚሠሩት እነዚያ ጥቂቶቹ ናቸው።

ይህ ደግሞ የትናንት ወሬ አይደለም። በ1856 ዩኒስ ፉት የምትባል አሜሪካዊት ብርጭቆ ቱቦ ውስጥ የተለያየ ጋዝ ሞልታ ፀሐይ ላይ አስቀመጠችው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት ከሌሎቹ ይበልጥ ሞቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ ጆን ቲንዳል የተባለ ሳይንቲስት እነዚህ ጋዞች ሙቀትን እንዴት እንደሚይዙ በመሣሪያ ለካ። በ1896 ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ጋዙ ቢጨምር ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ በወረቀትና በእርሳስ አሰላ። አጼ ምኒልክ አድዋ ላይ በዘመቱበት ዓመት ማለት ነው።

በሰው ምክንያት መሆኑ በምን ታወቀ? ፀሐይ ብትሆንስ?

ምድር ድሮም ስትሞቅና ስትቀዘቅዝ ኖራለች። ማስረጃውም ሩቅ አይደለም። ባሌ፣ ሳነቴ አምባ ላይ የዛሬ 42 ሺህ ዓመት ገደማ ግግር በረዶ ነበር። በረዶው ገፍቶ ያከማቸው ድንጋይ እስከ ዛሬ ይታያል። ያን ጊዜ መኪናም ፋብሪካም አልነበረም፣ እሱም እውነት ነው። የዚያ ዘመን ለውጥ ዋና ምክንያት ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት መንገድና የዘንበሏ መጠን ቀስ እያለ መለዋወጡ ነው። ያ ግን በአሥር ሺዎች ዓመታት የሚቆጠር ዝግተኛ ነገር ነው። ከበረዶው ዘመን ስትወጣ ምድር አንድ ዲግሪ ለመሞቅ በአማካይ ከሺህ ዓመት በላይ ፈጅቶባታል። አሁን ከአንድ ዲግሪ በላይ የሞቀችው በ150 ዓመት ውስጥ ነው፣ አብዛኛውም ባለፉት 50 ዓመታት።

ፀሐይን ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሳተላይቶች በቀጥታ እየለኩ ነው። ወጣ ገባ ትላለች፣ ግን ይህን ሁሉ ሙቀት የሚያመጣ ጭማሪ የለም። ሌላም አለ፣ እኔን በጣም የሚያሳምነኝ እሱ ነው። ጋቢ ለብሳችሁ እሳት ፊት ብትቀመጡ ጋቢው ከውጭም ከውስጥም ይሞቃል። እሳት በሌለበት ጋቢ ላይ ጋቢ ብትደርቡ ግን ውስጡ ይሞቃል፣ ውጩ ይቀዘቅዛል። ፀሐይ ብትሆን ኖሮ የላይኛውም አየር አብሮ በሞቀ። የተለካው ተቃራኒው ነው፦ እኛ የምንኖርበት የታችኛው አየር ሲሞቅ ከእሱ በላይ ያለው ቀዝቅዟል። የተደረበ ጋቢ ምልክት ነው ይህ።

ካርቦኑ ራሱም ከየት እንደመጣ ይናገራል። ካርቦን ቀላልም ከበድ ያለም ዓይነት አለው። ከተቀበረ ነዳጅ የሚወጣው ከባዱ ዓይነት ያንሰዋል። አየር ላይ ያለው ካርቦንም ቀስ በቀስ ወደዚያው ቅልቅል እያዘነበለ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የበረዶው ምስክርነት ነው። አመዳይ ሲደራረብ በመካከሉ የዚያ ዘመን አየር በጥቃቅን አረፋ ይታሰራል። ሳይንቲስቶች አንታርክቲካ ላይ ዶም ሲ በሚባል ቦታ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ታች ቆፍረው በረዶውን እንደ ረጅም ዘንግ አወጡት። አረፋው ውስጥ የ800 ሺህ ዓመት አየር ተገኘ። በዚያ ሁሉ ዘመን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1 ሚሊዮን ከ180 እስከ 300 መካከል ሲመላለስ ኖሯል። ዛሬ 420 አልፏል። የሰው ልጅ ሳይጽፈው የኖረ መዝገብ ነው፣ ዋልታ ላይ ተቀምጦልን የነበረ።

ሁሉም ቦታ ከሞቀ ዋልታው ለምን ይብሳል?

አርክቲክ ከ1979 ወዲህ የሞቀው ከዓለም አማካይ አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ነው። ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ቀለም ነው።

አዲስ ቆርቆሮ የተመታ ቤት በቀትር ከሩቅ ዓይን ያጠፋል። ብርሃኑን ይመልሰዋላ። ዝጎ የጠቆረ ቆርቆሮ ግን ብርሃኑን ይውጠዋል፣ ቤቱም ምድጃ ይሆናል። አመዳይ የለበሰ በረዶ ከሚያርፍበት ብርሃን 80 በመቶና ከዚያ በላይ ይመልሳል። ባዶ የባሕር ውሃ ደግሞ ጥቁር ነው፣ የሚመልሰው ከ10 በመቶ በታች ነው። እንግዲህ በረዶው ትንሽ ሲሸሽ ጥቁር ባሕር ይገለጣል። ባሕሩ ፀሐይ ይውጣል፣ ይሞቃል። የሞቀው ባሕር አጠገቡ ያለውን በረዶ ያቀልጣል። ሌላ ጥቁር ባሕር ይገለጣል። እንዲህ እያለ ራሱን እየመገበ ይሄዳል።

ሌላ ነገር ልጨምር፣ ብዙም አይወራም። አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ የሚበላው ሙቀት፣ አንድ ኪሎ ውሃን ከዜሮ እስከ 80 ዲግሪ ለማድረስ ይበቃል። ድስት ውስጥ በረዶ እስካለ ድረስ እሳቱ የሚያልቀው በረዶ በማቅለጥ ነው፣ ውሃው ብዙ አይሞቅም። በረዶው አልቆ እሳቱ ያው ከቀጠለ ግን ውሃው ቶሎ ይፈላል። አርክቲክም በረዶው እየሳሳ ሲሄድ ያ ሁሉ ሙቀት ባሕሩን ወደ ማሞቅ ይዞራል።

እዚህ ላይ አንድ የትርጉም ነገር አለ። የፈረንጆቹ ዜና ሲተረጎም «ዊንተር» ክረምት፣ «ሰመር» በጋ ይባላል። የእኛ ክረምት ግን ሰኔ ገብቶ መስከረም ሲጠባ የሚያልቀው የዝናብ ወቅት ነው፣ አርክቲክ ላይ ያኔ ፀሐይ የማትጠልቅበት ጊዜ ነው። በረዶው ከዓመቱ በጣም የሚያንሰው እኛ ክረምቱን ስንጨርስ፣ በእንቁጣጣሽና በመስቀል መካከል ነው። በ1980ዎቹ በዚያ ሰሞን 7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል በረዶ ይቀር ነበር። በ2012 ወደ 3.4 ሚሊዮን ወረደ፣ እስካሁን ዝቅተኛው እሱ ነው። ከ2007 ወዲህ ያሉት ዓመታት ሁሉ ከ1980ዎቹ ያነሱ ናቸው። የቀረውም ሳስቷል፤ ብዙ ዓመት የቆየ ወፍራም በረዶ እየጠፋ፣ አንድ ብርድ ብቻ ያረጋው ስስ በረዶ እየበዛ ነው።

በረዶ ሲቀልጥ ባሕር ይሞላል ወይስ አይሞላም?

ስልባቦትና ገንፎ የሚለያዩት እዚህ ጋ ነው። ቤት ውስጥ ሞክሩት። ብርጭቆ ውስጥ ውሃና አንድ ሁለት ቁራጭ በረዶ አድርጉ። ውሃው የደረሰበትን በእስክሪብቶ አስምሩ። በረዶው ሲቀልጥ ተመልሳችሁ እዩት፣ ውሃው ያው ነው። የሚንሳፈፍ ነገር የክብደቱን ያህል ውሃ ቀድሞውንም ገፍቶ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ የአርክቲክ የባሕር በረዶ ሁሉ ቢቀልጥ የባሕር ከፍታ ከሞላ ጎደል አይለወጥም። የሚያደርሰው ጉዳት በቀለሙ መጥቆር በኩል ነው፣ በላዩ ላይ ለሚያድነው ነጭ ድብና በዚያው ለሚኖረው ሰው ደግሞ ቤቱ ነው የሚፈርሰው።

የየብስ በረዶ ግን ከብርጭቆው ውጭ ያለ ነው። ቀልጦ ወይም ተገምሶ ባሕር ሲገባ አዲስ ጭማሪ ነው። የግሪንላንድ በረዶ በሙሉ ቢያልቅ ባሕርን በ7 ሜትር ገደማ ከፍ ያደርገዋል። የአንታርክቲካው በ58 ሜትር ገደማ። ይህ ነገ የሚሆን አይደለም፣ በመቶዎችና በሺዎች ዓመታት የሚለካ ነገር ነው፤ አንዳንድ ቪዲዮዎች እንደሚያስፈራሩት አይደለም። ነገር ግን ተጀምሯል። ከ2002 ጀምሮ ተከታትለው የሚበሩ ጥንድ ሳተላይቶች የምድርን ስበት እየለኩ በረዶውን እንደ ሚዛን ይመዝኑታል። ግሪንላንድ በዓመት በአማካይ ወደ 270 ቢሊዮን ቶን ታጣለች፣ አንታርክቲካ ወደ 150 ቢሊዮን ቶን። ቁጥሩ ካልጨበጣችሁ እንዲህ አስቡት፦ የሕዳሴ ግድብ ሲሞላ የሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ነው፣ ማለትም 74 ቢሊዮን ቶን። ግሪንላንድ ብቻዋን በየዓመቱ ከሦስት ተኩል በላይ ሕዳሴ ባሕር ውስጥ ትደፋለች።

በዚያ ላይ ውሃ ራሱ ሲሞቅ ያብጣል። ከተጨማሪው ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የሚውጠው ውቅያኖስ ነው። እብጠቱና ከየብስ የሚመጣው ውሃ ተደምረው ከ1900 ወዲህ ባሕር 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። አሁን በዓመት ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ እየጨመረ ነው፣ ያለፈው ክፍለ ዘመን አማካይ የዚህ ግማሽ እንኳ አልነበረም።

ገንፎው ለምን ይፈሳል?

ወፍራም ገንፎ ሳህን ላይ ስትቆልሉት ዝም ብሎ አይቆምም። በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ወደ ጠርዙ ይሄዳል። የአንታርክቲካ በረዶም እንዲሁ ይፈሳል፣ በቀን በሴንቲ ሜትርና በሜትር። ባሕሩ ዳር ሲደርስ ወዲያው አይሰበርም። እንደ ሰገነት ባሕሩ ላይ ተዘርግቶ ይንሳፈፋል፣ ከኋላው ለሚመጣው በረዶም መግቻ ይሆናል። የቡና ጭነት የያዘ አይሱዙ ዳገት ላይ ሲቆም ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ጎማው ስር ታኮ ይከታል። ተንሳፋፊው በረዶ ለየብሱ በረዶ ታኮው ነው። ታኮው ቢቀልጥ፣ ቀድሞም የሚንሳፈፍ ስለሆነ ባሕሩን አይሞላም። መኪናው ግን ይንሸራተታል።

ይህ ሲሆን በዓይን ታይቷል። በ2002 መጀመሪያ ላይ ላርሰን ቢ የሚባል 3250 ካሬ ኪሎ ሜትር ተንሳፋፊ በረዶ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ተፈረካክሶ ጠፋ። ከኋላው የነበሩት የየብስ በረዶዎች ፍጥነታቸው በብዙ እጥፍ ጨመረ። ዛሬ ዓይን የሚጣልበት ምዕራብ አንታርክቲካ ያለው ትዌይትስ የተባለው ግግር በረዶ ነው። እሱን የሚበላው ከላይ ያለው ፀሐይ አይደለም፣ ከስሩ የሚገባው ሞቅ ያለ የባሕር ውሃ ነው። በረዶው የተቀመጠበት መሬት ከባሕር ወለል በታች ነው፣ ወደ ውስጥም ይበልጥ እየጎደጎደ ይሄዳል። ስለዚህ በሸሸ ቁጥር ለውሃው የበለጠ ወፍራም ጎኑን ይሰጠዋል። እሱ ብቻውን ቢያልቅ ባሕርን ከግማሽ ሜትር በላይ ያነሳል።

ስለ አንታርክቲካ ሌላም የሚነሳ ነገር አለ። በዙሪያዋ ያለው የባሕር በረዶ እስከ 2014 ድረስ እንዲያውም ትንሽ ይጨምር ነበር። «ታዲያ የት አለ ሙቀቱ?» የሚሉ ይህን ይጠቅሱ ነበር፣ ቁጥሩም ትክክል ነበር። ከ2016 ጀምሮ ግን በድንገት ወረደ፣ በ2023 በሳተላይት ከተለካው ሁሉ ዝቅ አለ። የየብስ በረዶዋ ደግሞ የባሕር በረዶዋ በሚጨምርበት ጊዜም ይቀንስ ነበር። ሁለቱን በረዶ አንድ አድርጎ መቁጠር የሚያሳስተው እዚህ ነው።

የኦዞን ቀዳዳ ነው የሚሉስ?

ሌላ ጉዳይ ነው። ኦዞን ከፀሐይ የሚመጣውን ቆዳ የሚጎዳ ጨረር የሚያጣራ ጋዝ ነው። አንታርክቲካ ላይ መሳሳቱ የታወቀው በ1985 ነው፣ ያሳሱትም በድሮ ፍሪጅና ስፕሬይ ውስጥ የነበሩ ኬሚካሎች ናቸው። ዓለም በ1987 ሞንትሪያል ላይ ተስማምቶ አስቀራቸው፣ ኦዞኑም ቀስ እያለ እያገገመ ነው። የምድር ሙቀት የመጣው ግን በዚያ ቀዳዳ በሚገባ ፀሐይ አይደለም።

ባሕር ለሌለን ለእኛ ምን አገባን?

ጋሼም ይህንኑ ጠየቁኝ። ጅማ ከባሕር ወለል 1700 ሜትር በላይ ላይ ናት። አዌቱ ወንዝ በባሕር ምክንያት አይሞላም። ቡናችን የሚወጣው፣ ማዳበሪያውና ነዳጁ የሚገባው ግን በጅቡቲ ወደብ ነው። ጅቡቲ ከተማ ከባሕሩ እኩል ለማለት በሚያስደፍር ዝቅተኛ መሬት ላይ የተሠራች ናት። እስክንድርያና የናይል ደለልም እንዲሁ።

የቡናው ነገር ግን ለጅማ ሰው ከሁሉ ይቀርባል። እዚህ ጋ እንዳታምታቱት እፈልጋለሁ፦ ጅማ ላይ ዝናብ ሲዛባ ወይም ሙቀት ሲጨምር የዋልታው በረዶ ቀልጦ ያመጣብን አይደለም። በረዶውንም ቡናውንም የነካው ያው አንድ ምክንያት ነው፣ የተደረበው ጋቢ። የዋልታው በረዶ ጎልቶ ስለሚታይ ቀድመን እሱን አየን እንጂ።

የእኛ ቡና፣ አረቢካ፣ ብዙ ሙቀትም ብዙ ብርድም አይወድም። በአማካይ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ባለው ነው ደስ የሚለው። ከዚያ ሲያልፍ ፍሬው ቶሎ ይቀላል፣ ጣዕሙም ይቀንሳል፣ ተባይና በሽታ ይበረታበታል። በ2017 የታተመ የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ምንም ካልተደረገ በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ያው ጥናት ከፍ ያሉ፣ ዛሬ ለቡና የሚቀዘቅዙ ቦታዎች ሊመቹ እንደሚችሉም ይናገራል። ግን ቡና ድንኳን አይደለም፣ ነቅሎ መትከል አይቻልም። ችግኝ ፍሬ ለመስጠት ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል፣ ከዚያም ለአሥርት ዓመታት ይቆማል። ዘንድሮ የተተከለ ችግኝ በ2050 የሚኖረውን አየር ይኖርበታል። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚያወጣቸው የቡና ዝርያዎች ለዚህ ነው እንዲህ የሚያስፈልጉን። ኢትዮጵያ ደግሞ ወደ አየር ከሚለቀቀው ጋዝ ድርሻዋ ከአንድ በመቶ በታች ነው። ይህ ያማል፣ ልደብቀው አልፈልግም።

የቀለጠው ይመለሳል?

የትኛው በረዶ እንደሆነ ይወሰናል። የባሕር በረዶ ቶሎ ይሰማል፤ ሙቀቱ ቢቆም መቀነሱን ያቆማል፣ ምድር ብትቀዘቅዝ በዓመታትና በአሥርት ዓመታት ውስጥ ተመልሶ ይረጋል። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ክፋይ ዲግሪ የሚቆጠረው። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ የሳይንስ ጉባኤ በ2018 ባወጣው ግምገማ፣ ሙቀቱ 1.5 ዲግሪ ላይ ቢረጋ አርክቲክ ከበረዶ ባዶ የሚሆንበት መስከረም በመቶ ዓመት አንዴ ገደማ ነው። 2 ዲግሪ ቢደርስ ቢያንስ በአሥር ዓመት አንዴ ይሆናል። ልዩነቱ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ነው።

የየብሱ በረዶ ግን ሌላ ጠባይ አለው። የግሪንላንድ አናት ዛሬ ብርድ የሆነው ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ነው፣ 3 ኪሎ ሜትር በረዶ ላይ። በረዶው ራሱ ለራሱ ደጋ ሆኖታል። አናቱ እየቀለጠ ዝቅ ባለ ቁጥር፣ ሰው ከደጋ ወደ ወይና ደጋ፣ ከዚያም ወደ ቆላ እንደሚወርደው፣ ሞቅ ወዳለ አየር ይወርዳል። የበለጠ ይቀልጣል፣ የበለጠ ይወርዳል። አንዴ ብዙ ከወረደ በኋላ የዓለም ሙቀት ወደ ነበረበት ቢመለስ እንኳ ያ ከፍታ የለም፤ ቆላ ላይ የወደቀ አመዳይ ደግሞ አይጠራቀምም። እንደገና ለመቆለል ከድሮው የበለጠ ብርድና በሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈልጋል።